የቲቤት ነገሥታት በሰቆጣ አደባባይ

ሥራ የጀመርኩት አብዮቱ ገና ትኩስ በነበረበት ጊዜ፣ ሰቆጣ ከተማ ነው። አገሬ እዚያው ዋግ ውስጥ፣ ደሃና ወረዳ ስለሆነ ሻንጣዬንና ፍራሼን አህያ ላይ ጭኜ በእግሬ መጣሁ። ዳይሬክተሩ አቧራዬን ሳላራግፍ ቢሮ አስገቡኝና የምደባ ወረቀቴን አዩ።

«ጂኦግራፊ ነው የተማርከው?»

«አዎን።»

«የጂኦግራፊ መምህር አለን። የጎደለን የታሪክ ነው።»

ታሪክ ለማስተማር እንዳልሠለጠንኩ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። «ሰው የት እንደሚኖር ካወቅህ፣ እዚያ ምን ሲሠራ እንደኖረ አይጠፋህም። ዘጠነኛ ክፍል ያ ነው» ብለው አንድ ፓኮ ጠመኔና ከበግ ቆዳ የተሰፋ ዳስተር ሰጡኝ።

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ የሚረዝሙ፣ ጢም ያበቀሉ ተማሪዎች ነበሩ። ከዋግ ገጠሮች፣ ከዝቋላና ከጽጽቃ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ሰሌዳው ላይ «ነገሥታት» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ንጉሥ ቀርቷል ተብለናል። የቀረ ነገር ለምን እንማራለን?» አለች።

«ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። የሙያዬ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፦ ነገ እነግርሻለሁ ማለት ይቻላል፤ ነገ ሲነጋ ግን መንገር ግድ ነው። በማግሥቱ የነገርኳት መልስ እኔንም አላጠገበኝም። እሷ ግን ጻፈችው።

የታሪክ መምህር ዕቃው ጥቂት ነው። ጠመኔ፣ ዳስተር፣ ካርታና ምላስ። ካርታ አልነበረንም። ባዶ የስንዴ ጆንያ ተረትሮ፣ ታጥቦ፣ ግድግዳ ላይ ሲወጠር ጥሩ ካርታ ይወጣዋል። ወንዙን በሰማያዊ ቀለም፣ ተራራውን በከሰል እሠራ ነበር። ከሰሉ በእጅ እየተነካ ስለሚጠፋ ሂማላያን በየወሩ እንደገና አቆም ነበር።

የመማሪያ መጻሕፍት ደግሞ በዚያ ዘመን ይለዋወጡ ነበር። አሮጌው ተሰብስቦ አዲሱ ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለው ወቅት የመጽሐፍ ክፍሉን ስበረብር፣ ድሮ የነበረ የውጭ አገር አስተማሪ ትቶት የሄደ የእስያ ታሪክ አገኘሁ። ሽፋኑን ምስጥ በልቶታል። የቲቤት ምዕራፍ ግን ደኅና ነበር። አነበብኩት፤ ወደድኩት፤ አስተማርኩት።

ተማሪዎቼ ቲቤትን የወደዱበት ምክንያት ሌላ ነው። አገሩ ደጋ ነው፣ ገብስ ያበቅላል፣ ሰዉ የገብስ ቆሎ ፈጭቶ በቅቤ እያሸ ይበላል ብዬ ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«ይሄማ በሶ ነው፤ ደሃናዎች ናቸው» አለ አንዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «መምህር ቲቤት» ሆኖ ቀረ። ገበያ ስወጣ ጨው ሻጮቹ ሳይቀሩ በዚያ ስም ይጠሩኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጓድ ታምሩ የሚባል አዲስ ካድሬ ወደ አውራጃችን መጣ። ወጣት፣ ቀጭን፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነበር። አንድ ቀን አስጠራኝ። ተማሪ እንዳይበጠብጥ ሥራ ሰጥቼ ሄድኩ።

«ሜይ ዴይ ደርሷል» አለኝ። «ዘንድሮ ከደሴ ከፍ ያሉ ሰው ይመጣሉ። አደባባዩ በሕዝብ መሙላት አለበት። ችግሩን ታውቀዋለህ?»

አውቀዋለሁ። ሜይ ዴይ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነው። ሚያዝያ ሃያ ሦስት ደግሞ የጊዮርጊስ ዓመታዊ ንግሥ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ለሰልፉ ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ይበቃ ስለነበር ሁለቱ ሳይነካኩ ያልፉ ነበር። ዘንድሮ ግን ቀበሌው ሁሉ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሁሉ ይውጣ ተባለ።

«ታቦቱ እንዳይወጣ ላደርግ ነው» አለ። «ከዚያ በፊት ግን ሕዝቡ መንቃት አለበት። ነገሥታትና ሃይማኖት እንዴት ተባብረው እንደጨቆኑት ታስተምርልኛለህ። ቅዳሜ፣ ቀበሌ አዳራሽ።»

ደነገጥኩ። ታቦት ከተከለከለ ሰው እንደሚቆጣ፣ ሰው ከተቆጣ ደግሞ እንደሚታሰር አውቃለሁ። «ስለ ዋግ ሹሞች ልናገር ነው?» አልኩት።

«አይ፣ ግማሹ ከተማ ዘመዳቸው ነው። የሩቅ አገር ፈልግ።»

«ቲቤትን አውቃለሁ።»

«የት ነው እሱ?»

«ቻይና ውስጥ።»

እርሳሱን አስቀመጠ። «ቻይና ከሶቪየት ጋር ተጣልታ የለም እንዴ?»

«ተጣልታለች።»

«እንግዲያው ቻይናን አታንሣ። ቲቤትን ብቻ አንሣ።»

እንዴት እንደሚሆን አልጠየቅሁትም። በመንግሥት ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል።

ቅዳሜ የጆንያ ካርታዬን ተሸክሜ አዳራሹ ደረስኩ። በጥሩምባ የተጠራው ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት የጊዮርጊስ ደብር አስተዳዳሪ አለቃ ወልደ ሩፋኤል ከካህናቱ ጋር ተቀምጠዋል። እሳቸው ቅኔ የተቀኙ፣ ድጓ የዘለቁ፣ ቀልድም የሚያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። በግራ በኩል ሐጂ ሰይድ ከነጋዴዎቹ ጋር አሉ። የሐጂ ሱቅ ከሰቆጣ ሱቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ከኋላ ከየገጠሩ የመጡ ገበሬዎች ቆመዋል። ብዙዎቹ ኸምጣንጋ እንጂ አማርኛ እንደልብ ስለማይሰሙ፣ አንድ ነገር በአማርኛ ተናግሬ በኸምጣንጋ እደግመው ነበር። ጓድ ታምሩ ኸምጣንጋ አንዲት ቃል አያውቅም። አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ከጥንቱ ጀመርኩ። አንድ ኃይለኛ ንጉሥ ተነሥቶ የተበተኑትን ነገዶች አንድ አደረገ አልኩ። ከሁለት አገር ልዕልቶች አገባ። አንዷ ከኔፓል፣ አንዷ «ከወደ ምሥራቅ» መጣች። ጓድ ታምሩ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ልዕልቶቹ የቡድሃን ሃይማኖት ይዘው ገቡ። የንጉሡ ልጅ ልጆች ገዳም ሠሩ፣ መጽሐፍ አስተረጎሙ። የድሮውን አምልኮ የያዙት መኳንንት ግን አኮረፉ።

ከዚያ የመጣው ንጉሥ ሃይማኖቱን ከልክ በላይ ወደደ። ለእያንዳንዱ መነኩሴ የሚያርሱለት፣ የሚያገለግሉት አባወራዎች መደበለት።

«ጭሰኛ ማለት ነው» አለ ጓድ ታምሩ ጮክ ብሎ።

«አዎ፣ እንደዚያ ነው» አልኩ። «ደግሞ ጠጉሩ ላይ ረጅም ሐር አስሮ መሬት ላይ እየዘረጋ፣ መነኮሳቱ እላዩ ላይ እንዲቀመጡ ያደርግ ነበር ይባላል።»

አለቃ ወልደ ሩፋኤል ጢማቸውን ዳበሱ። «ይሄስ በዛ» አሉ። ካህናቱ ሳቁ።

«መኳንንቱም በዛ ብለው ገደሉት» አልኩ። «ወንድሙን አነገሡ። ወንድምየው ደግሞ ገዳማቱን ዘጋ፤ መነኮሳቱን ካባቸውን አስወልቆ ከብት ጠባቂና አዳኝ አደረጋቸው።»

ጓድ ታምሩ አጨበጨበ። ሌላው ሰው አላጨበጨበም። እኔም ከዚህ አልፌ ለመሄድ ትንፋሽ ስወስድ አለቃ ተነሡ። አማርኛቸው ከማናችንም የጠራ ነው፤ ያን ቀን ግን የኋላው ሰው ሁሉ እንዲሰማ በኸምጣንጋ ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አለ ጓድ ታምሩ።

ሌላ ነገር ብዬ ልተረጉምለት እችል ነበር። ከኋላ ግን ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ብዙ ነው። «ገዳም የዘጋው ንጉሥ መጨረሻው ምን ሆነ? ነው የሚሉት» አልኩት።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስላቸው እንጂ።»

መልሱን አያውቅም። እኔ አውቀዋለሁ። ታሞ ሞተ ማለት ቀላል ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳቸው ልጆች ግን በመስኮቱ ተሰቅለው ያዩኛል፤ እነሱ ታሪኩን ያውቁታል።

«አንድ መነኩሴ በቀስት ገደለው ይባላል» አልኩ በአማርኛ። ቀጥዬ በኸምጣንጋ ደገምኩት።

ከኋላ ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «እሰይ» ያለ መሰለኝ። ጓድ ታምሩ ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። እዚህ ላይ ባቆም ጥፋት እንደሚሆን ገባኝ። እጄን አነሣሁና ቀጠልኩ።

«አላለቀም» አልኩ። «ንጉሡ ሲሞት ልጆቹ በዙፋኑ ተጣሉ። አገሩ ተከፋፈለ። አንድ አድርጎ የሚገዛው ሰው ለብዙ ዘመን አልተገኘም። ገዳማቱም በዚያ ዘመን አልተነሡም። የሚጠብቃቸው የለም፣ የሚረዳቸው የለም። መነኩሴው ንጉሡን ገደለ እንጂ ገዳሙን አላስከፈተም።»

ጉምጉምታው ቆመ። ሐጂ ሰይድ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ነጋዴውስ እንዴት ሆነ?» አሉ።

«መንገድ የሚጠብቅ ሲጠፋ ምን ይሆናል ብለው ያስባሉ ሐጂ?»

«ይዘረፋል» አሉ። «ይሄን ማንም አይነግረኝም።»

ሰዉ ሳቀ። ከካሽሚር የሄዱ ሙስሊም ነጋዴዎች በኋለኛው ዘመን እዚያ አገር ይኖሩ እንደነበር ስነግራቸው ሐጂ ጎረቤታቸውን ዞር ብለው አዩ። «አላልኩህም? የእኛ ሰው የማይደርስበት የለም» አሉት።

ቀሪውን ነገርኳቸው። መነኮሳቱ፣ ላማ የሚባሉት፣ ቆይተው እንደገና በረቱ። ጦር ስለሌላቸው ከሞንጎል ነገሥታት ጋር ተዋዋሉ። ውሉም አጭር ነው፦ ላማው ይመርቃል፣ ንጉሡ ይጠብቃል። በመጨረሻ ግን አንደኛው ላማ ራሱ ገዥ ሆነ፤ ምርቃቱም ጥበቃውም ከአንድ ቤት ወጣ።

«እንደ ዛጉዌዎቹ» አሉ አለቃ፤ አሁን በአማርኛ ነበር። «የእኛም ሲቀድሱ ቄስ፣ ሲፈርዱ ንጉሥ ነበሩ። ግን ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ቄሱ ራሱ ንጉሥ ከሆነ ለማን አቤት ይባላል?»

«እሱን ነው የምለው» አለ ጓድ ታምሩ። ሁለቱ ተያዩ። ባልጠበቁት ነገር መስማማታቸው ሁለቱንም ደስ ያላቸው አይመስልም ነበር።

ላማው ሲሞት ነፍሱ ወደ ሕፃን ትገባለች ብለው ሕፃኑን እንደሚፈልጉ ስነግራቸው ግን ካህናቱም ነጋዴዎቹም ካድሬውም በአንድ ድምፅ «አይሆንም» አሉ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ታጣቂዎች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አስጠሩኝ። ዳስተሩን ለክፍሉ ተጠሪ ተማሪ ሰጥቼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስለ እናቴ አሰብኩ፤ ማን ይነግራት ይሆን እያልኩ።

ጓድ ታምሩ ብቻውን ተቀምጧል። «በሩን ዝጋው» አለኝ። «ያ ቀስት የሚሉት እውነት ነው?»

«መጽሐፉ እንደዚያ ይላል።»

«ለምን አልዘለልከውም?»

«ጠየቁኝ። እርስዎም መልስላቸው አሉኝ።»

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ሳይፈልግ ሳቀ። «እውነትህን ነው፤ ብያለሁ» አለ። ወንበር አሳየኝ። «ስማኝ። ታቦቱን ብከለክል ሰዉ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ባልከለክል ታቦቱን ተከትሎ ይሄዳል። በሁለቱም አደባባዩ ባዶ ነው፤ እኔም አለቀልኝ። ያንተ ንጉሥ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?»

«የትኛው? ገዳም የዘጋው ወይስ ከላማዎቹ ጋር የተዋዋለው?»

«የተዋዋለው» አለ። «አለቃን የት ባገኛቸው ይሻላል? እኔ ደብሩ ብሄድ ሰው ያየኛል፤ እሳቸውም እዚህ አይመጡም።»

«ሐጂ ሱቅ» አልኩት። «እዚያ ሁሉም ሰው ይገባል።»

የተገናኙት ሐጂ ሰይድ ሱቅ፣ ከጀርባ ባለው የዕቃ ክፍል፣ በስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው። ሐጂ መሐል ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አባ፣ ሕዝቡ አደባባይ እንዲወጣ እፈልጋለሁ» አለ ጓድ ታምሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አባ» ሲል ሰማሁት።

«ሕዝቡማ በዚያን ቀን አደባባይ ነው» አሉ አለቃ። «ታቦታችን ወጥቶ የሚሄደው በየት ይመስልሃል ልጄ? በገበያው አደባባይ አልፎ ይመለሳል። ሰዉ ከጠዋቱ እዚያ ቆሞ ይጠብቀዋል።»

«ከጠዋቱ?»

«ከጠዋቱ። ነጠላውን ለብሶ። ታቦቱ የሚወጣው ቅዳሴ ሲያልቅ ነው። ሰዉ ቆሞ ሲጠብቅ አንተ ተናገር፤ ማን ከለከለህ?»

ካድሬው ሐጂን አየ። ሐጂ ትከሻቸውን ሰበቁ። «ገበያው አንድ ነው። ሁለት ዕቃ ቢሸጥበት ምን ይሆናል?»

ተዋዋሉ። ንግግሩ አጭር ይሆናል፤ ስለ ሃይማኖት ክፉ ቃል አይነሣም። ንግግሩ ሳያልቅ ከበሮ አይመታም። ሐጂ ለመፈክሩ ቀይ ጨርቅ ይሰጣሉ፤ ሱቃቸውንም ዘግተው ከነጋዴዎቹ ጋር ይወጣሉ። አለቃ ሲወጡ በጆሮዬ «አንተ፣ ያንን ቀስት እዚህ አለማንሣትህ ጥሩ ነው» አሉኝ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ጠዋት አደባባዩ ነጭ ለብሶ አደረ ማለት ይቻላል። ከዝቋላ ሳይቀር የመጣ ሰው ነበር። ከደሴ የመጡት ባለሥልጣን መድረኩ ላይ ወጥተው ሕዝቡን ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«ሁሉም ነጭ የለበሱት ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ለበዓሉ ነው ጓድ» አለ ጓድ ታምሩ።

የራሱን ንግግር በቃሉ መሠረት አሳጠረው። ባለሥልጣኑ ግን ከማንም ጋር አልተዋዋሉም። ስለ ዓለም ወዝአደሮች ጀመሩ፤ ስለ ምርት ቀጠሉ፤ ስለ ሶቪየት ወንድማማችነት ሲገቡ ፀሐይዋ ከረረች። ከደብሩ በኩል የጥላው ዘርፍ ብልጭ ሲል ታየ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ካህናቱ መታጠፊያው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰዉ አንገቱን ማዞር ጀመረ። ከፊት የነበሩ ሴቶች ተንበረከኩ። ጓድ ታምሩን ላብ አጠመቀው። ባለሥልጣኑ ዞር ብለው ቢያዩ፣ ሕዝቡ ጥሎአቸው ቢሄድ፣ ያ ሁሉ ድካም ውሃ በላው።

ያን ጊዜ ሐጂ ሰይድ ማጨብጨብ ጀመሩ።

ባለሥልጣኑ የዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ነበሩ። ነጋዴዎቹ ተከተሉ፤ ተማሪዎቼ ተከተሉ፤ እኔም ጠመኔ የለመደ እጄን አነሣሁ። ጭብጨባው እንደ በረዶ ወረደ፤ ቆመ ሲባል እንደገና ይነሣል። ባለሥልጣኑ ለመቀጠል ሞከሩ፤ ፈገግ አሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሡና ተቀመጡ። ወዲያው ከበሮው ተመታ። እልልታው አደባባዩን ሞላው።

«እንዲህ ያለ አቀባበል አይቼ አላውቅም» አሉ ባለሥልጣኑ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ እውነተኛ ነበር። ጓድ ታምሩ ታቦቱ ሲያልፍ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ላብ ነው አለኝ በኋላ። ላብም ሊሆን ይችላል።

በዚያ ዓመት የታሰረ ሰው የለም። ጓድ ታምሩ ሹመቱ ከፍ ብሎ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ሲሸኙት አለቃ «እግዚአብሔር ይጠብቅህ» አሉት፤ «አሜን» ብሎ ዞር ዞር አለ፣ የሰማው ሰው እንዳለ ለማየት። እኔ በኋላ የመጣው ጦርነት ከተማውን እስኪያስለቅቀን ድረስ እዚያው አስተማርኩ፤ ከዚያ በኋላም በሌሎች ከተሞች ጡረታ እስክወጣ ጠመኔ አልጣልኩም።

ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ምን ልናውቅ ይገባል ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ታሪክን መሐል ላይ የሚያቆም መምህር ሰሚውን አንድ ወገን ያስይዘዋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ንገሩት።